ጋሽ መለኪያና ቀዩ ጓጉንቸር

ጥቅምት 6

ለውድ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እኛ ሁላችን ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ካንተ ናፍቆት በስተቀር የጎደለብን ነገር የለም። (እስከዚህ ድረስ ያስጻፉኝ አባትህ፣ አባባ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው። መነጽራቸውን የት እንዳስቀመጡት የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ አያነቡትም።)

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። አጎቴ፣ የእኛ ቤት ስልክ እኮ የስብሰባ አዳራሽ ነው። አንተ ስትደውል አባባ ድምጽ ማጉያውን ይከፍቱና ሶፋው መሃል ጉብ ይላሉ፤ እማዬ ከጓዳ ትመጣለች፤ ጎረቤት በመስኮት ይሰማል። አንተ "ደህና ነህ አባዬ?" ትላለህ። እሳቸው "ደህና ነኝ፣ አንተስ?" ይላሉ። "እኔም ደህና ነኝ" ትላለህ። አለቀ። ይህን ለመባባል ነው ሰው ሳተላይት ያመጠቀው?

ለማንኛውም ስለ ሥራህ ጻፍልኝ፤ እዚህ ያለው ወሬ ቅጥ አጥቷል። አባባ ለሰፈሩ ሁሉ "ልጄ አቶም ላይ ተሹሟል" ብለው አስወርተዋል። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ "አቶም ሩቅ ነው?" ብሎ ቢጠይቃቸው ምንም ሳያፍሩ "በአውሮፕላን ነው" አሉት።

እሳቸው እንደምታውቃቸው ናቸው። ከኤሌክትሪክ ሥራ ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም "ጋሽ መለኪያ" ነው የሚላቸው። መስመር ሲበላሽ ይጠራሉ፣ ሽቦውን በእጃቸው ጀርባ ነካ ያደርጋሉ፣ "ሕያው ነው" ወይም "ሙት ነው" ብለው ይፈርዳሉ። "በመዳፍሽ ከነካሽው ይይዝሻል፣ በጀርባው ከነካሽው ይወረውርሻል" ይሉኛል፤ ልክ እንደ ምርቃት። ታች ያለውን ወጣት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መለኪያ መሣሪያ ስለሚይዝ "ቴስተር" የሚል ስም አውጥተውለታል። "የገዛ እጁን የማያምን ሰው ሚስቱን ያምናል?" ይላሉ። ምስኪኑ ገና አላገባም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ተአምር አሳዩን። እማዬ ድስቱን አውጡልኝ ብትላቸው ከሚነደው ምድጃ ላይ በባዶ እጃቸው አንስተው፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ቀስ ብለው ጠረጴዛው ድረስ ወሰዱት። እማዬ ጮኸች። እሳቸው "ምን ሆነሻል?" አሉ። መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ ነበር። "የኤሌክትሪክ ሠራተኛን እጅ እሳት አይበላውም" ብለው ደነፉ። ጓደኞቼ ሰርከስ እናስገባቸው እያሉኝ ነው።

የማሽኑን ፎቶ ላክልኝ። መቼ ትመጣለህ? (ጠይቂው ያለችኝ እማዬ ናት። ውሸቴን ነው፣ እኔው ነኝ።)

የእህትህ ልጅ፣ አንተው ያወጣህላት ስም እስካሁን ያልለቀቃት
ምላጭ


ኅዳር 19

ለእህቴ ልጅ ለምላጯ፣

ሰላምታዬ ከነመላው ቤተሰቡ ይድረስሽ። እድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ምላስሽንም ልኩን ያሳውቀው። እኔ ደህና ነኝ።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳሽ፤ አለበለዚያ የሠራሁት ጥፋት አይገባሽም። አቶም ላይ አልተሾምኩም። ከመሬት በታች ክብ ሆኖ የሚዞር ረጅም ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ ቧንቧ ተዘርግቷል፤ በቧንቧው ውስጥ ዓይን የማያያቸው እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ብርሃንን ሊደርሱበት ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ይሮጣሉ። ከመንገዳቸው እንዳይወጡ የሚይዟቸው ከሰው ቁመት የሚበልጡ ማግኔቶች ናቸው፤ ማግኔቶቹ የሚጠጡት ኤሌክትሪክ ለአንድ ከተማ ይበቃል። ሳይንቲስቶቹ ሩጫውን ይከታተላሉ። የእኛ ክፍል የሚከታተለው ኤሌክትሪኩን ነው፤ ከትራንስፎርመሩ ወጥቶ በየካቢኔው እስኪከፋፈል፣ ሰው ሊገባ ሲል ደግሞ በትክክል እስኪጠፋ።

በዋሻው በር ላይ የቁልፍ ሰሌዳ አለ። የሚገባ ሰው ሁሉ ከሰሌዳው አንድ ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ይከታል፣ ሲወጣ መልሶ ይሰካል። አንድ ቁልፍ እንኳ ከጎደለ ማሽኑ አይነሳም። ዳይሬክተሩም ቢለምን አይነሳም። ያ የጎደለው ቁልፍ ውስጥ ያለ ሰው ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለምሳ ወጥቼ ሳለሁ ነው፤ ቁልፌን ሳልሰካ ነበር የወጣሁት። የአቶሟ ወሬ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ድስቱ ጋ ስደርስ ተነሳሁ፣ ኮቴን ደረብኩ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቤቴ ገባሁ። ለምን እንዳትይኝ፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። እዚያ ግን ያ ሁሉ ማሽን ቆሞ፣ ያ ሁሉ ሰው ዋሻው ውስጥ የወደቅሁ መስሎት በየጥጉ ስሜን እየጠራ ይፈልገኝ ነበር። አለቃችን ራሷ መጥታ በሬን ስታንኳኳ እጄን ኪሴ ብከት ቁልፉ አለ። አልተቆጣችም። "ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ። "አባቴ የጋለ ድስት አነሳ" አልኳት። ያበድኩ ሳይመስላት አልቀረም።

ምላጭ፣ ድስቱ ተአምር አይደለም። ያ ዓመታት የቆየበት የስኳር በሽታ ጣቶቹን አደንዝዟቸዋል ብዬ እፈራለሁ። የማይሰማ እጅ ሕያው የሆነውን መስመር ሙት ነው ይላል፤ ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም።

የዚያኑ ዕለት ደወልኩ። "እጅህ እንዴት ነው አባዬ?" አልኩት። "ደህና ነው፣ ያንተስ?" አለኝ። ከጀርባው ጎረቤት ሲስቅ ይሰማኛል።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ዓይኑን አስጨፍነሽ መዳፉ ላይ ትንሽ ነገር አስቀምጪና ምን እንደሆነ ጠይቂው። ጨዋታ አስመስይው፤ እሱን ታውቂበታለሽ። እኔ ልነግረው አልችልም። ከቤት ስወጣ ሻንጣዬ ውስጥ መለኪያ መሣሪያ አይቶ "እኔ ልጅ ነው ያሳደግኩት፣ መሣሪያ አላሳደግኩም" ያለኝ ሰው ነው። ከኔ አፍ "እጅህን ተው" ቢሰማ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 11

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምታውን ካለፈው ደብዳቤ ላይ ቅዳው፤ ቸኩያለሁ።

ጨዋታውን ተጫወትን። አባባ ሶፋው ላይ ነበሩ። "ዓይንዎን ይጨፍኑና የያዙትን ይገምቱ" አልኳቸው። "ከተሸነፍሽ የእግር ውሃዬን ታሞቂያለሽ" አሉ። ማንኪያ አስያዝኳቸው፤ ክብደቱን መዝነው አወቁት። የሸሚዝ ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ፤ "ገና ነው? ቶሎ በይ" አሉኝ። አነሳሁት። ከዚያ ምንም ሳላስቀምጥ "አሁንስ?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። "የበር ቁልፍ ነው" አሉና እንዳይወድቅባቸው ጥብቅ አድርገው ጨበጡት።

ዓይናቸውን ገልጠው ባዶ መዳፋቸውን አዩ። ብዙ አዩት።

"ሌባ! ወሰድሽው አይደል?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የእግር ውሃውን ግን ሳላሸንፍም ሳልሸነፍም አሞቅሁላቸው፤ እጃቸውን እንዳይከቱበት ደግሞ መጀመሪያ እኔ ነካሁት።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት የለም። ጫማቸውን ደበቅኩ፤ በነጠላ ጫማ ሄዱ። ለጋጋሪው "ጉንፋን ይዟቸዋል፣ አይጠሩ" አልኩት፤ ሊጠይቃቸው ዳቦ ይዞ መጣና በዚያው ወስዶ የዳቦ ቤቱን ፊውዝ አሠራቸው። ለእማዬ ልንገራት? እማዬ ታለቅሳለች። ሲለቀስባቸው ደግሞ እልህ ይይዛቸዋል፤ የሰፈሩን ሽቦ በሙሉ እየዞሩ ይነካሉ።

ምን ላድርግ? ቶሎ ጻፍ። መቼ ትመጣለህ ላልኩህም መልስ አልሰጠህም፤ አላየችም እንዳትል።

ምላጭ


ጥር 20

አጎቴ፣

ሰላምታ የለም፤ ቶሎ ጻፍ ብዬህ ስላልጻፍክ ተቀይሜሃለሁ።

ትናንት አባባ የጎረቤትን ሶኬት ፈተው በእጃቸው ጀርባ ነኩትና "ሙት ነው" አሉ። እውነትም ሙት ነበር። በመላው ሰፈር መብራት ጠፍቶ ነበራ! ጎረቤት "ጋሽ መለኪያ አይሳሳቱም" ብሎ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ የእማዬ ጓደኞችም ሳቁ።

እኔ ቀልድ የማላልፍ ልጅ ነኝ። አልሳቅሁም።

መብራት ሁልጊዜ አይጠፋም፣ አጎቴ።


የካቲት 8

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬን ብትቀበይኝም ባትቀበይኝም ይድረስሽ። ቅያሜሽ ይገባኛል። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ለአንቺ መጻፍ አላቃተኝም፤ ያቃተኝ ለአባዬ ነው።

እዚህ ካቢኔዎቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ነገሮች አሉ፤ ካፓሲተር ይባላሉ። መስመሩን ቆርጠሽ፣ ቆልፈሽ፣ መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተውም እነሱ የያዙትን አይለቁም። ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ የነካቸውን ይገድላሉ። ስለዚህ ጫፉ ላይ የመዳብ መንጠቆ ያለው ረጅም ዘንግ አለን፤ ከመንጠቆው የሚወርደው ወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር ታስሯል። መጀመሪያ በዘንጉ ትነኪያቸዋለሽ፤ ያቆዩትን መሬት ይወስድላቸዋል። ነክተሽም አታነሺውም። ሥራሽ እስኪያልቅ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ባዶ ሆነ ስትይው ከውስጡ ደግሞ ትንሽ ይሰበስባል። ይህን ስጽፍልሽ የማስበው ስለ ካቢኔ ብቻ አይደለም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክሁልሽ ጥቅል ውስጥ ቀይ ጓጉንቸር አለ። መንታ ቁልፍ የለውም። እዚህ እያንዳንዳችን የየራሳችን አለን፤ መስመር ስንቆርጥ ማጥፊያው ላይ እንሰቅለዋለን፣ ከሰቀለው ሰው በቀር ማንም አይከፍተውም። ከጓጉንቸሩ ጋር የባለቤቱ ፎቶ ያለበት ካርድ ይንጠለጠላል። ለአባዬ የድሮውን ፎቶ ለጥፌለታለሁ፣ ያን ሪዙ በሩቅ የሚታየውን። ትንሿ መሣሪያ ያንቺ ናት፤ ሕያው መስመር አጠገብ ስትደርስ ትበራለች። ከቦርሳሽ አትለይ።

ይህን ደግሞ አንብቢለት፦

"አባዬ፣ እኛ ዘንድ የሁሉም ሰው ነፍስ ያለው በቆላፊው ኪስ ውስጥ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሰው ሁሉ ሲጣደፍ የማይጣደፍ፣ ሲጮኹበት የማይበገር ነው። ከማውቃቸው ሰዎች እንዲህ ያለው አንድ አንተ ብቻ ነህ። ልጅህ።"

አጎትሽ


መጋቢት 2

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ታርቄሃለሁ። "ደህና ነን" የሚለውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

አባባ ጓጉንቸሩን ሲያዩ "ልጄ ለዶሮ ቤት መቆለፊያ ላከልኝ?" አሉ። መልእክትህን ሳነብላቸው በመስኮት ውጪ ውጪውን ያዩ ነበር። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። "ሪዜን አጣሞታል" አሉና ሚስማር ላይ ሰቀሉት። በቃ። ጓጉንቸሩ ሚስማር ላይ፣ እሳቸው መንገድ ላይ፤ እንዲሁ ቀናት አለፉ።

ከትናንት በስቲያ የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ጋጋሪውን ነዘረው። "ጋሽ መለኪያን ጥሩልኝ!" የሚለው ጩኸት እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። አባባ ሻይ እንኳ ሳይጨርሱ ወጡ። እኔም ጓጉንቸሩን ከሚስማሩ መንጭቄ ቦርሳዬን ይዤ ተከተልኳቸው።

ዳቦ ቤቱ ወለሉ ገና መታጠቡ ነው፣ ውሃ ተኝቶበታል። ዳቦ ገዢው ተሰልፎ ያያል። አባባ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ አጠፉ፣ ማሽኑ ጸጥ አለ። የጎን ክዳኑን ፈቱ፣ ሽቦዎቹ ታዩ።

"በሉ ጋሽዬ፣ ነካ ያድርጉልኝ" አለ ጋጋሪው፣ "ሊጡ ሊያመልጠኝ ነው።"

"እሳቸው ከነኩት አለቀ" አለ ከሰልፉ አንዱ።

አባባ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጣቶቻቸውን አጥፈው የእጃቸውን ጀርባ ወደ ሽቦው ላኩት። አጎቴ፣ እግራቸው ውሃው ላይ ነው። እጃቸው ሽቦውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቆመ። እዚያው አየር ላይ ቆሞ ቀረ። የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት።

"ምላጭ።"

"አቤት።"

"ያ የላከው ነገር ቦርሳሽ ውስጥ ነው?"

"አዎ።"

"አምጪው።"

መሣሪያዋን ወደ ሽቦው አስጠጉ። በራች። ቀይ ሆና ጮኸች። ሰልፉ ወደ ኋላ ሸሸ።

"አጥፍተውት የለም እንዴ?" አለ ጋጋሪው፣ ፊቱ የገዛ ዱቄቱን መስሎ።

"የጠፋው ማሽኑ ነው፣ ሽቦው አልጠፋም" አሉ። ማጥፊያውን የገጠመው ሰው መቁረጥ ያለበትን ሽቦ ትቶ ሌላውን ነበር ያስቆረጠው፤ ማሽኑ ቆመ ሲባል ኤሌክትሪኩ እዚያው ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል። የማሽኑ አካልም ከመሬት ጋር አልታሰረም። ይህን ሁሉ በዝግታ አስረዱ፤ ድምጻቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ከዚያ "ቴስተርን ጥሩልኝ" አሉ። ሰው ቀልድ መስሎት እርስ በርሱ ተያየ።

ቴስተር እስኪመጣ ቆጣሪው ጋ ሄደው ዋናውን አጠፉ፣ የብረት ሳጥኑን ዘጉ፣ ቀዩን ጓጉንቸር ሰቀሉበት። ካርዱ ላይ ሪዛሙ ጎረምሳ ሰልፈኛውን ያፈጥበታል። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ቴስተር መጣ፤ አባባን እንደ ፈተና እየፈራ በመሣሪያው ለካ፣ "አሁን ሙት ነው ጋሽዬ" አለ። "ድገመው" አሉት። ደገመው። ከዚያ ሥራውን ጀመረ።

ጋጋሪው ግን አላስቻለውም። "ጋሽዬ፣ ቁልፉን ለአንዲት ደቂቃ ይስጡኝ፣ ምድጃውን ብቻ ላብራ!"

"ሰው እጁን ሽቦ ውስጥ ከቶ?"

"እኔ እኮ የቤቱ ባለቤት ነኝ!"

"ዳይሬክተሩም ቢለምን አይከፈትም" አሉ።

አጎቴ፣ ይህ ቃል ያንተ ደብዳቤ ላይ ነው ያለው። መነጽራቸውን አግኝተውት ኖሯል።

ሊጡ ገንዳውን ሞልቶ፣ ከንፈሩን አልፎ፣ ወለሉ ላይ መውረድ ጀመረ። ጋጋሪው ጭንቅላቱን ይዞ ተንጎራደደ፣ ገዢው አጉረመረመ፣ አንዱ "ሽማግሌው ጃጁ እንዴ?" አለ። አባባ ጆንያው ላይ ንቅንቅ አላሉም። ቴስተር ማጥፊያውን አስተካከለ፣ ውጪ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ መትቶ ማሽኑን ከሱ ጋር አሰረው። ሲጨርስ አባባ "እጅህን አወጣህ?" አሉት። "አወጣሁ ጋሽዬ።" "ሁለቱንም?" ቴስተር ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ እንደ ተማረከ ወታደር። ያኔ ተነስተው ቁልፉን አወጡ። ቀዳዳውን ለማግኘት ጣታቸው ሦስት ጊዜ ሳተ። ማንም ሊያግዛቸው አልተጠጋም፤ እኔም አልተጠጋሁም። ራሳቸው ከፈቱት።

ወደ ቤት ተመለስን። በራችን ጋ ስንደርስ "ድስቱ ተአምር አይደለም" አሉኝ። ይህም ያንተው ቃል ነው። "አባባ፣ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው" አልኳቸው። "የሰው መነጽር መደበቅስ?" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሰጡኝና "ያዥኝ፣ ደረጃው አይታየኝም" አሉ። ደረጃው ይታያል። ያዝኳቸው።

ትናንት አንተ ስትደውል እኔ ነኝ ያነሳሁት። እማዬ ከጓዳ መጣች፣ ጎረቤት መስኮቱ ላይ ተደገፈ። አባባ ስልኩን ተቀብለው ገለባበጡትና "ይኼ ማጉያ የሚባለው የቱ ጋ ነው የሚጠፋው?" አሉኝ። አሳየኋቸው። ጣታቸው አልታዘዝ ስላላቸው እኔ አጠፋሁት። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው መኝታ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። ጎረቤት "ምን ተፈጠረ?" አለ። እማዬ መቀመጫ ፈልጋ ተቀመጠች።

ጆሮዬን በሩ ላይ አልለጠፍኩም ብዬ አልዋሽህም። ምንም አልተሰማኝም። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጡ።

"ምን አሉት?" አልኳቸው።

"ደህና አይደለሁም አልኩት።"

"እሱስ?"

"እኔም አይደለሁም አለኝ።"

አንተም? በመጀመሪያው ደብዳቤህ ደህና ነኝ ስትለኝ አልነበር? እንግዲህ እኔም ለመጨረሻ ያቆየሁትን "ደህና ነን" ሳልጽፍልህ ቀረሁ፤ ከአሁን በኋላ እኛ ቤት ያለ መለኪያ አይባልም።

ስልኩን ቻርጅ ልሰካው ስሄድ አባባ ከኋላዬ ጠሩኝ።

"ምላጭ፣ ያን ማጉያ መልሰሽ እንዳትከፍቺው።"

የእህትህ ልጅ